ከ«ጥቁር» ስር የመጣችው ሳጥን፦ አሜሪካ ኢትዮጵያዊውን ለይታ ልትቆጥር ነው

በአሜሪካ የመንግሥት ፎርሞች ላይ ትንሽ የምትመስል ለውጥ እየመጣች ነው። እስካሁን «ጥቁር ወይም አፍሪካን አሜሪካን» የምትል አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት አድርገን እናልፍ ነበር። አዲሱ መመሪያ እንደወጣ ከጸና ግን ከዚያች ሳጥን ስር ሌሎች ስድስት ይዘረዘራሉ፦ አፍሪካን አሜሪካን፣ ጃማይካዊ፣ ሄይቲያዊ፣ ናይጄሪያዊ፣ ኢትዮጵያዊ፣ ሶማሌ። ጋናዊው፣ ኤርትራዊው፣ ኮንጓዊው ደግሞ ባዶው መስመር ላይ በእጁ ይጽፋል።

ይህን ለሐበሻ ስትነግረው ሁለት ዓይነት መልስ ትሰማለህ። አንዱ «በመጨረሻ ታወቅን!» ይላል። ሌላው «ደግሞ ምን ሊያደርጉብን ነው?» ይላል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው። እኔን ግን የሚያሳስበኝ ሳጥኗ የትኛው ወረቀት ላይ እንደምትቀመጥ ነው። በሕግ ተቆልፎ ድምር ቁጥር ብቻ የሚወጣበት ቆጠራ አለ። ከስምህና ከአድራሻህ ጋር ፋይል ውስጥ የሚቀመጥ መዝገብም አለ። ሳጥኗ ሁለቱም ላይ ትገባለች፤ የምትሠራው ሥራ ግን ለየቅል ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የአገር ቤቱን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።)

መመሪያው ከየት መጣ?

ነገሩ የሚጀምረው ዋይት ሀውስ ስር ካለው የበጀትና አስተዳደር ቢሮ ነው። ቢሮው በ1977 «የስታትስቲክስ ፖሊሲ መመሪያ ቁጥር 15» የተባለ ሰነድ አወጣ። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ስለ ሰው ዘር ሲጠይቁ በአንድ ዓይነት ቃል እንዲጠይቁ ያስገድዳል። ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ሥራ ማመልከቻ፣ የቤት ብድር ላይ የምናያቸው ተመሳሳይ ሳጥኖች በሙሉ መነሻቸው እዚያ ነው። በ1997 አንዴ ተሻሻለ። ከዚያ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሳይነካ ቆየ።

ማርች 28 ቀን 2024 ላይ እንደገና ተሻሽሎ ወጣ። ከ20 ሺህ በላይ የሕዝብ አስተያየት ተሰብስቦበታል። ሦስት ትልልቅ ለውጦች አሉት። ቀድሞ «ሂስፓኒክ (የስፓኒሽ ዝርያ ያለህ) ነህ ወይ?» የሚለው ለብቻው ይጠየቅ ነበር፤ አሁን ከዘር ጥያቄው ጋር አንድ ላይ ሆነ። «የመካከለኛው ምሥራቅ ወይም የሰሜን አፍሪካ» የሚል አዲስ ምድብ ተጨመረ። ሦስተኛው ለኛ ዋናው ነው፦ መሥሪያ ቤቶች ሰፊውን ምድብ ብቻ ጠይቀው እንዳያቆሙና ዝርዝሩንም እንዲጠይቁ ታዘዙ። ዝርዝሩ ሸክም ይሆንብኛል ወይም የሰውን ምስጢር ያጋልጣል የሚል መሥሪያ ቤት ምክንያቱን አስረድቶ ነፃ እንዲደረግ መጠየቅ ይችላል።

ለትግበራው መጀመሪያ የተሰጠው ጊዜ እስከ ማርች 2029 ነበር። በ2025 ቀኑ በስድስት ወር ተገፋ። የትራምፕ አስተዳደር መመሪያውን እንደገና እየገመገመው መሆኑም ተሰምቷል። ስለዚህ ሳጥኗ ገና መንገድ ላይ ናት።

ከሰማይ ዱብ ያለች ግን አይደለችም። በ2020ው የሕዝብ ቆጠራ «ጥቁር» የሚለውን የመረጠ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የመነሻ ማንነቱን የሚጽፍበት መስመር ተሰጥቶት ነበር። በምሳሌነት የተቀመጡትም እነዚያው ስድስቱ ስሞች ናቸው። ልዩነቱ ያኔ መጻፍ ነበረብህ፣ አሁን ምልክት ማድረግ ይበቃል። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ፎርም ሞልቶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ባዶ መስመር ብዙ ጊዜ ባዶውን ይቀራል።

የቆየ ቆጠራ፣ የቆየ ቁስል

አሜሪካ ጥቁሮችን ስትቆጥር ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። ከ1790 ጀምራ ትቆጥራለች። ያኔ ግን የሚቆጠረው ባሪያው እንደ ንብረት፣ ለምክር ቤት መቀመጫ ክፍፍል ደግሞ ሦስት አምስተኛ ሰው ሆኖ ነበር። በ1890 ቆጣሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ሰውየው ግማሽ ጥቁር ነው፣ ሩብ ነው ወይስ አንድ ስምንተኛ ብለው በዓይናቸው ለክተው እንዲጽፉ ታዝዘው ነበር። በዓይን! ሰው ስለ ራሱ ዘር ራሱ መመለስ የጀመረው ከ1960 ወዲህ ነው። «ኔግሮ» የሚለው ቃል ከቆጠራ ቢሮው ፎርም እንዲወጣ የተወሰነው ደግሞ ገና በ2013 ነው። ጥቁር አሜሪካዊው የመንግሥት ፎርም ሲያይ ፊቱ ቢጠቁር አይፈረድበትም።

ያ ሁሉ ዝርዝር ሰውን ለመለየትና ለማራቅ ነበር። የአሁኑ ዝርዝር በሌላ ምክንያት ነው የመጣው። ጥቁር የሚባለው ሕዝብ ራሱ ተለውጧል። ፒው የጥናት ማዕከል እንዳሰላው በ1980 አሜሪካ ውስጥ በውጭ አገር የተወለዱ ጥቁሮች 800 ሺህ ገደማ ነበሩ። በ2019 4.6 ሚሊዮን ደረሱ። ከ10 ጥቁር አንዱ ማለት ነው። ጃማይካና ሄይቲ ይመራሉ። ከአፍሪካ ናይጄሪያና ኢትዮጵያ ከፊት ናቸው።

የ2020ው ቆጠራ ዝርዝር ውጤት በሴፕቴምበር 2023 ሲወጣ ጃማይካዊና ሄይቲያዊ ነን ያሉት እያንዳንዳቸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆኑ። ናይጄሪያዊ ያሉት ወደ 600 ሺህ ናቸው። ኢትዮጵያዊ ያሉት ከ300 ሺህ ትንሽ ከፍ ብለው ከአፍሪካ ሁለተኛ ሆኑ። ይህ በመላው አገሪቱ ነው። እዚህ ላይ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለ። በሠርጉም በስብሰባውም «ዲሲ አካባቢ ብቻ 300 ሺህ ነን» የሚል ሰው አይጠፋም። ነን ወይ? ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። መንግሥት የሚያውቀው የተሞላውን ፎርም ነው። በዚያ ላይ በ2020ው ቆጠራ ጥቁሮች በጥቅሉ በ3.3 በመቶ አንሰው መቆጠራቸውን ቆጠራ ቢሮው ራሱ አምኗል። ሂስፓኒክ ያልሆኑ ነጮች ደግሞ በ1.64 በመቶ በዝተው ተቆጥረዋል።

አንድ ላይ ሲደመር የሚጠፋው

ዝርዝር ዳታ ለምን ያስፈልጋል ለሚል ሰው ከሁሉ በፊት የምነግረው የሕፃናት ክብደት ታሪክ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ጥቁር እናቶች የሚወልዷቸው ሕፃናት ከነጮቹ ሕፃናት ያነሰ ክብደት እንዳላቸው ከታወቀ ቆይቷል። ብዙ ሰው «የዘር ጉዳይ ነው፣ ደማቸው ውስጥ ያለ ነው» ይል ነበር። ሪቻርድ ዴቪድና ጄምስ ኮሊንስ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች የኢሊኖይን የልደት መዝገብ ወስደው «ጥቁር» የሚለውን ለሁለት ከፈሉት፦ አሜሪካ የተወለዱ እናቶችና አፍሪካ የተወለዱ እናቶች ብለው። ውጤቱን በ1997 አሳተሙ። የነጮቹ ሕፃናት አማካይ ክብደት 3,446 ግራም ነበር። አፍሪካ የተወለዱት ጥቁር እናቶች ሕፃናት 3,333 ግራም። አሜሪካ የተወለዱት ጥቁር እናቶች ሕፃናት 3,089 ግራም። ከአፍሪካ የመጣችው እናት ልጅ ከጥቁር አሜሪካዊቷ ልጅ ይልቅ ለነጯ ልጅ ይቀርባል። ነገሩ የደም ከሆነ መሆን የነበረበት ተቃራኒው ነው።

ብሶ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች ቆየት ብለው ወደሚቀጥለው ትውልድ ሄዱ። ከውጭ የመጡት ጥቁር ሴቶች ልጆች እዚሁ አድገው በተራቸው ሲወልዱ የሕፃናቱ ክብደት ወደ ታች ይወርድ ጀመር። የነጭ ስደተኞች የልጅ ልጆች ግን ጨምረው ነበር የሚወለዱት። እዚህ አገር ጥቁር ሆኖ ማደግ ራሱ አካል ላይ የሚጥለው ነገር አለ ማለት ነው። አንዲት «ጥቁር» የምትል ሳጥን ብቻ ቢኖር ይህ በምንም ዓይነት አይታይም ነበር። ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ልጅ ለምታሳድግ ሐበሻ እናት ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የልጅ ልጇ ጉዳይ ነው።

ሌላው ምሳሌ ከሚኒሶታ ነው። የግዛቷ ጤና ቢሮ የክትባት መዝገቡን ከልደት መዝገቡ ጋር ሲያስተያይ ከሶማሌ እናቶች የተወለዱ ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት መጠን እየወረደ መሆኑን አየ። በ2004 ከመቶ 92ቱ ተከትበው ነበር። በ2014 ከመቶ 42ቱ ብቻ። ምክንያቱ ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚል መሠረት የሌለው ወሬ ነው። በ2017 ኩፍኝ ገባና ከ70 በላይ ሰው ያዘ፤ አብዛኞቹ የሶማሌ ልጆች ነበሩ። «ጥቁር ሕፃናት» ተብለው ቢደመሩ ኖሮ ያ ቁልቁለት በሌላው ቁጥር ውስጥ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። እውነት ለመናገር ቁጥሩ ቀድሞ ታይቶም ወረርሽኙን አላስቀረውም። ግን የጤና ሠራተኛው በየትኛው ቋንቋ፣ ከየትኛው መስጊድ ጋር፣ ከእነማን እናቶች ጋር መነጋገር እንዳለበት አውቆ ነው የሄደው።

የባሮች ልጆች ጥያቄ

አሁን ሐበሻው ብዙም የማያወራው ጉዳይ ላይ እንምጣ። ይህ ዝርዝር እንዲመጣ አጥብቀው ከገፉት መካከል ቅድመ አያቶቻቸው እዚሁ አሜሪካ በባርነት የኖሩ ጥቁሮች አሉ። ጥያቄያቸው ቀጥተኛ ነው፦ «በኛ ስም የሚቆጠረውን ማን እየወሰደው ነው?»

በ2004 ሐርቫርድ ውስጥ ሄንሪ ሉዊስ ጌትስና ላኒ ጊኒየር የተባሉ ሁለት የታወቁ ጥቁር ፕሮፌሰሮች ነገሩን አደባባይ አወጡት። ከዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች 8 በመቶ የሚሆኑት፣ ወደ 530 ገደማ፣ ጥቁሮች ነበሩ። ቁጥሩ ሲታይ ደስ ይላል። ፕሮፌሰሮቹ ግን ከእነዚህ አብዛኞቹ፣ ምናልባትም ሁለት ሦስተኛው፣ የካሪቢያንና የአፍሪካ ስደተኞች ወይም የእነሱ ልጆች ናቸው አሉ። በባርነትና በዘር መድልዎ ለተጎዳው ሕዝብ የተከፈተ በር ነበር። ገብተን የተገኘነው ብዙውን ጊዜ እኛና መሰሎቻችን ነን። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን ማየታቸው ራሱ በ2023 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ቆሟል፤ ክርክሩ ግን አላለቀም።

ካሊፎርኒያ ከሁሉም ቀድማ ሄደች። በ2020 ስለ ባርነት ካሳ የሚያጠና ግብረ ኃይል በሕግ አቋቋመች። ግብረ ኃይሉ በማርች 2022 ካሳው በቆዳ ቀለም ሳይሆን በትውልድ ሐረግ ለሚቆጠሩ ይሁን ብሎ በ5 ለ4 ድምፅ ወሰነ። በዚያው ዓመት ግዛቷ የመንግሥት ሠራተኞቿን ስትመዘግብ ጥቁሮችን ለይታ እንድትመዘግብ የሚያዝ ሕግ አወጣች፦ አሜሪካ ውስጥ በባርነት ከተያዙ ሰዎች የተወለዱ በአንድ በኩል፣ አፍሪካዊና ካሪቢያዊ ጥቁሮች በሌላ በኩል።

በፌዴራሉ መመሪያም ላይ ይህን የትውልድ ሐረግ የሚያመለክት የራሱ ምድብ ይሰጠን ያሉ ብዙ ነበሩ። ቢሮው አልተቀበለም። «አፍሪካን አሜሪካን» የሚለውን ከስድስቱ አንዱ አድርጎ አስቀመጠና ጉዳዩ ገና ጥናት ያስፈልገዋል ብሎ አለፈ። ውጤቱ ግራ ያጋባል። እዚህ ተወልዶ ያደገ የሐበሻ ልጅ ዜግነቱ አሜሪካዊ፣ ሥሩ አፍሪካዊ ነውና «አፍሪካን አሜሪካን» የሚለው ላይ ምልክት ቢያደርግ ማን ይከለክለዋል? ቢሮው ካሳ ጠያቂዎቹ የፈለጉትን ግልጽ መስመር አላሰመረም።

በእኔ አስተያየት ጥያቄያቸው ትክክል ነው። እኛ በዚህ ዝርዝር ብንለይ የምናጣው ጥቂት ነው፤ እነሱ በእኛ ቁጥር ሲሸፈኑ የሚያጡት ብዙ ነው። አንዳንዱ ወገናችን «እኛ ጥቁር አይደለንም፣ ሐበሻ ነን» የሚለውን የድሮ ወሬ ለማደስ ይህችን ሳጥን እንደ ማስረጃ ሲጠቅስ ግን ደስ አይለኝም። ሳጥኗ ያለችው ከ«ጥቁር» ስር ነው። ፖሊስ ሲያስቆምህ ዝርዝሩን አያነብም።

ፍርሃታችንን ይዘነው የመጣነው ከቤት ነው

ብዙ ኢትዮጵያዊ «ብሔርህ ምንድን ነው?» የሚል ፎርም ሲያይ ቶሎ የሚጠረጥረው ያለ ምክንያት አይደለም። አገር ቤት በሦስቱም ብሔራዊ ቆጠራዎች ብሔር ተጠይቋል። የመጨረሻው በ1999 ዓ.ም. ሲደረግ የአማራ ክልል ሕዝብ ከተገመተው በ2 ሚሊዮን ያህል አንሶ መገኘቱ ፓርላማ ሳይቀር ጥያቄ አስነሳ። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም። ሕገ መንግሥቱ በየአሥር ዓመቱ ይደረግ ይላል፤ ቀጠሮው ግን በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ቁጥር በጀትና ወንበር ስለሚያመጣ ማን ስንት ነው የሚለው ራሱ ጸብ ሆኗል።

ከቆጠራው በላይ ሰውን የጎዳው ግን መታወቂያው ነው። የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ይጻፍ ነበር። ቆጠራ ላይ የሰጠኸው መልስ ከሚሊዮኖች ጋር ተደምሮ ይጠፋል። መታወቂያ ላይ የተጻፈው ግን ኬላ ላይ ያቆመህ ሰው እጅ ይገባል። ሩዋንዳ ውስጥ ቤልጅየሞች በ1930ዎቹ ያስገቡት የብሔር መታወቂያ በ1994 ኬላ ላይ ምን እንደሠራበት ዓለም ያውቃል። የአሁኑ ፋይዳ መታወቂያ ብሔር አለመጠየቁ ትልቅ ነገር ነው። ይህን የምለው ስለ ፋይዳ ሌላ ቅሬታ ያለውም ሰው ይህችን እንዲያመሰግን ነው።

የአሜሪካው የፌዴራል ሳጥን «ኢትዮጵያዊ» ብሎ ይቆማል። ሚኒሶታ ግን ወረድ ብላለች። በ2016 የወጣ የግዛቷ ሕግ የተማሪዎች ዳታ ተዘርዝሮ እንዲሰበሰብ ያዛል። በትምህርት ቤት ምዝገባ ፎርም ላይ ከጥቁር ስር «ኢትዮጵያዊ - ኦሮሞ» እና «ኢትዮጵያዊ - ሌላ» የሚሉ ሁለት አማራጮች አሉ። «መልስ አልሰጥም» ማለትም ይቻላል። ኦሮሞው ማኅበረሰብ ሚኒሶታ ውስጥ ብዙ ስለሆነ ለትምህርት ቤት ዕቅድ ይጠቅማል የሚለው ያስኬዳል። ልጁ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ የሚናገር ከሆነ የአማርኛ አስተርጓሚ መጥራት ምን ይረባል? በሌላ በኩል «ሌላ» ተብለው የተጠቀለሉት አማራው፣ ትግሬው፣ ጉራጌው፣ ሲዳማው ናቸው፤ ከእነሱ መካከል የሚቀየም አይጠፋም። እኔ ቋንቋውን ቢጠይቁ ይሻል ነበር ባይ ነኝ። አስተማሪው የሚያስፈልገው የልጁ የቤት ቋንቋ ነው።

ቆጠራው ራሱ ያመለጠበት ጊዜ

«አሜሪካ ሕግ አለ» የሚል ይኖራል። አለ። የቆጠራ ቢሮ ሠራተኛ የአንድን ሰው መልስ ቢያወጣ እስከ አምስት ዓመት እስርና 250 ሺህ ዶላር ቅጣት ይጠብቀዋል። የግለሰብ መልስ ለሕዝብ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ነው። በ2020 ደግሞ የትንንሽ ሰፈሮች ቁጥር ላይ ሆን ተብሎ በሂሳብ ስሌት ጥቂት መዛነፍ ተጨምሯል። ዓላማው ማንም ከሠንጠረዥ ተነስቶ አንድን ቤተሰብ ነጥሎ እንዳያውቅ ነው።

ግን ሕግ በሌላ ሕግ ይነሳል። በማርች 1942 የወጣ የጦርነት ጊዜ ሕግ የቆጠራውን ምስጢርነት አነሳ። ቢሮው ጃፓናውያን የት የት ሰፈር እንደሚኖሩ የሚያሳይ ዝርዝር ቁጥር ለጦሩ ሰጠ። ወደ 120 ሺህ ሰዎች ተለቅመው ካምፕ ገቡ። በ2007 ዊልያም ሴልትዘርና ማርጎ አንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ከዚያም ያለፈ ማስረጃ አገኙ፦ በ1943 ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖሩ ጃፓናውያን ስምና አድራሻ ሳይቀር ተላልፎ ተሰጥቷል።

ቅርብ ጊዜም አለ። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ የአገር ውስጥ ደህንነት መሥሪያ ቤት በዚፕ ኮድ የተከፋፈለ የአረብ ትውልድ ነዋሪዎች ቁጥር ከቆጠራ ቢሮው ተቀበለ። በ2004 ሲጋለጥ ቢሮው «ስም የለበትም፣ ሕግም አልጣስንም» አለ። እውነቱን ነው። ግን የዚፕ ኮድ ቁጥር ሰፈር ያሳያል። ድምር ነው ብሎ ዝም ብሎ መተኛት አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን በስም የሚያዘው መዝገብ ነው። የዜግነት ማመልከቻ ፎርም ስምህንም፣ አድራሻህንም፣ ቁመትህንም፣ የዓይንህን ቀለምም፣ ዘርህንም ይጠይቃል። መመሪያ ቁጥር 15 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን በሙሉ ስለሚመለከት ሳጥኗ እንደነዚህ ያሉ ፎርሞች ላይም መድረስ ትችላለች። በኤፕሪል 2025 የግብር መሥሪያ ቤቱና የኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት መረጃ ለመለዋወጥ ተፈራርመዋል። ግብር ከፋዩ ለአንድ ጉዳይ የሰጠው አድራሻ ለሌላ ጉዳይ ሲሄድ ያየ ሰው ስለ ሳጥኗም ቢጠይቅ አይገርምም።

ስለዚህ ቆጠራ ላይና በጤና ጥናት ላይ በዝርዝር መቆጠራችንን እደግፋለሁ። በስም የሚያዝ የኢሚግሬሽንና የፖሊስ ፎርም ላይ ግን ሰፊው ምድብ ይበቃል። መመሪያው ራሱ ነፃ የመደረጊያ በር አስቀምጧል። ማኅበሮቻችን ድምፃቸውን ማሰማት ያለባቸው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ቁጥር ብቻውን አያበላም

«ከተቆጠርን አገልግሎት ይመጣል» የሚለው ተስፋ ግማሽ እውነት ነው። አገልግሎት የሚያመጣው ከቁጥሩ ጀርባ ያለ ሕግ ነው።

ዲሲን እንይ። በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግላቸው ሰዎች መካከል እንግሊዝኛ የሚቸግራቸው የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች 3 በመቶ ወይም 500 ሰው ከደረሱ፣ ከሁለቱ ያነሰው ተወስዶ፣ አስፈላጊ ሰነዶች በቋንቋቸው ይተርጎሙ ይላል። አማርኛ ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛ፣ ከኮሪያኛና ከፈረንሳይኛ ጋር ከስድስቱ ቋንቋዎች አንዱ የሆነው በዚህ ነው። እዚህ 500 ሰው በቂ ነው።

አሁን የፌዴራሉን የምርጫ ሕግ እንይ። አናሳ ቋንቋ ተናጋሪዎች በሚበዙበት አካባቢ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በቋንቋቸው ይዘጋጅ የሚል አንቀጽ አለው። በ1975 ሲገባ ግን የሚመለከታቸውን ሕዝቦች ዘርዝሮ ዘጋ፦ የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች፣ የአላስካ ቀደምት ነዋሪዎች፣ እስያውያንና የስፓኒሽ ዝርያ ያላቸው። አፍሪካዊ ቋንቋ የለበትም። አማርኛ ተናጋሪው ነገ በአንድ ካውንቲ 50 ሺህ ቢሆን በዚህ አንቀጽ አንዲት ወረቀት የማግኘት መብት የለውም። ሳጥኗ ይህን አትቀይርም። ኮንግረስ ብቻ ነው የሚቀይረው።

ቆጠራውም ራሱ እንዲሁ ነው። በ2020 ከእንግሊዝኛ ሌላ በ12 ቋንቋዎች በኢንተርኔትና በስልክ መልስ መስጠት ይቻል ነበር። ሄይቲ ክሪዮል ገብቷል። አማርኛ የደረሰው ማብራሪያ ወረቀትና ቪዲዮ ብቻ ነው። እማማ ከልጃቸው ውጭ መሙላት አይችሉም ነበር ማለት ነው። ልጅ ደግሞ ሥራ ላይ ነው።

እስከ ስንተኛው ትውልድ?

በእስራኤል ያለው ልምድ አንድ የማይቀር ጥያቄ ያስነሳል። የአገሪቱ የስታትስቲክስ ቢሮ በየዓመቱ የሲግድ በዓል ሲደርስ የቤተ እስራኤልን ቁጥር ያወጣል። አሁን ከ170 ሺህ በላይ ናቸው። ትውልደ ኢትዮጵያ ተብሎ የሚቆጠረው ኢትዮጵያ የተወለደ ወይም አባቱ ኢትዮጵያ የተወለደ ነው። አባቱ ሐይፋ ወይም ነታንያ የተወለደ ልጅ ከቁጥሩ ይወጣል። በወረቀት ላይ «ተዋሃደ» ማለት ነው። መንገድ ላይ የሚያስቆመው ፖሊስ ግን አባቱ የት እንደተወለደ አይጠይቅም።

አሜሪካ የመረጠችው ሌላ መንገድ ነው፤ ሰውየው ራሱን ያለውን ትቀበላለች። አራተኛ ትውልድ ቢሆንም ኢትዮጵያዊ ነኝ ካለ ይቆጠራል። ተወው ካለም ይወጣል። ሁለት ሦስቱን ሳጥን አንድ ላይ ምልክት ማድረግም ይቻላል። እናቱ ሐበሻ፣ አባቱ ጃማይካዊ የሆነ ልጅ መምረጥ የለበትም። ከእስራኤል የመጣ ቤተ እስራኤል «ኢትዮጵያዊ» ላይ ምልክት አድርጎ፣ ከመካከለኛው ምሥራቁ ምድብ ስር ያለችውን «እስራኤላዊ»ንም መጨመር ይችላል። ፈረንሳይ ደግሞ ከናካቴው አትጠይቅም፤ ዜጋ ሁሉ አንድ ነው ብላ መድልዎውን ለመለካት የሚያስችል ቁጥር ሳይኖራት ቀርታለች።

ቀጣዮቹ ቀኖች የታወቁ ናቸው። የቆጠራ ቢሮው በሕግ የ2030ው ቆጠራ ስለ ምን ስለ ምን እንደሚጠይቅ እስከ ኤፕሪል 1 ቀን 2027፣ ጥያቄዎቹን ከነቃላቸው ደግሞ እስከ ኤፕሪል 1 ቀን 2028 ለኮንግረስ ማቅረብ አለበት። «ኢትዮጵያዊ» የምትለው ሳጥን ትኑር ወይስ ባዶው መስመር ይመለስ፣ አማርኛም ከሚመለስባቸው ቋንቋዎች አንዱ ይሁን አይሁን፣ ለምክር ቤት አባል ደብዳቤ መጻፍ የሚጠቅመው ከእነዚህ ቀኖች በፊት ነው።